የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ጥፋቱ የካርቡሬተሩ ነው ወይስ የሌላ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ከሐይቅ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ናቸው። የጀልባ ሞተርም ይሁን የመስኖ ፓምፕ፣ ጠያቂዎቹ ሁሉ ጣታቸውን የቀሰሩት ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ በሚያቀብለው ካርቡሬተር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ተከሳሹ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ላይ ሰውና ዕቃ የማመላልስበት 15 ፈረስ ጉልበት ያለው፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር አሮጌ ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት) የጀልባ ሞተር አለኝ። ቾክ ስስብለት ቶሎ ይነሳል፤ ቾኩን ስመልሰው ግን ይጠፋል። እንደምንም ካሞቅሁት በኋላ ሙሉ ነዳጅ ስሰጠው 10 ደቂቃ ያህል ደህና ይሄድና ዳገት እንደያዘው ሰው ትንፋሹ ያጥራል። ደሴ ወስጄው ካርቡሬተሩ ሁለት ጊዜ ታጠበ፤ ለውጥ የለም። አሁን አዲስ ካርቡሬተር ግዛ እየተባልኩ ነው። ልግዛ? (ከሐይቅ ከተማ)

መልስ፦ አብሽሩ፤ ገና አይግዙ። የነገሩን ሁለት በሽታ ነው። ቾክ ሲመለስ መጥፋቱ የካርቡሬተሩ ሊሆን ይችላል። ከ10 ደቂቃ በኋላ መድከሙ ግን ብዙውን ጊዜ ከካርቡሬተሩ በፊት ካለው መንገድ፣ ከታንኩ እስከ ነዳጅ ፓምፑ ካለው፣ የሚመጣ ነው። ሁለቱ እንደ አንድ ስለታዩ ይሆናል ታጥቦ ታጥቦ ያልዳነው።

በድካሙ እንጀምር፤ መፍቻ አይፈልግም። የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ብሎን አለች። እሷ ከተዘጋች፣ በወጣው ቤንዚን ፈንታ አየር ስለማይገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ሞተሩ በሚደክምበት ሰዓት ክዳኑን ፈታ ያድርጉት፤ ታንኩ “ፍስስ” ብሎ አየር ከሳበ በሽታው ተገኘ። በቱቦው መሃል ያለችው በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ፓምፕም ጎኗ ወደ ውስጥ ገብቶ ጠፍጣፋ ሆና ያገኟታል። ታንክ ጠፍቶ የጀሪካን ክዳን በስተው ቱቦ ያስገቡ ከሆነ፣ ለአየር ሌላ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ይህን የሚረሳው ብዙ ነው።

አየሩ ደህና ከሆነ አንድ ሰው ይዘው ውሃ ላይ ይውጡ። እርስዎ ሞተሩን ይዘው ሙሉ ነዳጅ ይስጡት፤ ጓደኛዎ የጎማዋ ፓምፕ አጠገብ ይቀመጥ። ሞተሩ መድከም ሲጀምር ደጋግሞ ይጭመቃት። ሞተሩ ነፍስ ከዘራ፣ ቤንዚን እየደረሰው አይደለም ማለት ነው፤ ካርቡሬተሩን ይተዉትና ፊልትሮውን፣ ቱቦውንና የነዳጅ ፓምፑን ይመርምሩ። በመጭመቅ ካልነቃ፣ በሚቀጥለው ድካም ቾኩን (አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛውን) በጥቂቱ ሳብ ያድርጉት። ያኔ ከነቃ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ድረስ ደርሶ ውስጥ ተዘግቶበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ በዋናው ጄት (ቤንዚን በልክ በምታሳልፈው ቀዳዳ ብሎን) ላይ ነው። በሁለቱም ካልነቃ ወደ ካንዴላና ወደ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ ግፊት) ይሂዱ። ይህች አጭር ሙከራ ለሁለት ቀን የጋራዥ ሥራ ትበቃለች።

የጎማዋ ፓምፕ ራሷ ቀስት አላት፤ ቀስቱ ወደ ሞተሩ ማየት አለበት። ቀስቱን ወደ ላይ አቁመው ሲጨምቋት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠንከር ማለት ይገባታል። ካልጠነከረች አንድ ቦታ አየር ትስባለች፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦው ከሞተሩ ጋር በሚያያዝበት ጫፍ ያለው የጎማ ቀለበት ነው። ጠንክራ ወዲያው ከላላችና ከካርቡሬተሩ ቤንዚን ከፈሰሰ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከታች ለኮምቦልቻው አንባቢ የመለስነውን ያንብቡ።

የነዳጅ ፓምፑ ሥራ ቀላል ነው። በፒስተኑ መውጣትና መውረድ የሚፈጠረው ግፊት ስስ ሽፋን ወደፊትና ወደኋላ ያራግባል፤ ሁለት ትንንሽ ቫልቮች ቤንዚኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፉታል። ሽፋኑ በዓመታት ብዛት እንደ ደረቀ ቆዳ ይገትራል። የገተረ ሽፋን ለሚኒሞ (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ለሚሠራበት ዙር) የሚበቃ ቤንዚን ያቀብላል፤ ለሙሉ ጉልበት ግን አይደርስም፤ የእርስዎም ሞተር ይህን ይመስላል። ፈትተው ወደ ብርሃን ያዙት። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካለች፣ ጥሬ ቤንዚን በዚያ ሾልኮ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚገባ የአንዱን ካንዴላ ጥቁርና እርጥብ፣ የሌላውን ደህና አድርጎ ያሳየዎታል።

አሁን ወደ ቾኩ። ቾክ አየር ቀንሶ ቤንዚን ያበዛል። በቾክ ብቻ የሚሠራ ሞተር ወይ ቤንዚን አንሶታል ወይ የማይገባው አየር እየገባው ነው። ሁለተኛውን መጀመሪያ ይመርምሩ፤ ቀላል ነው። ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገጠምበት ጓርኒሲዮን (በመሃል ያለው ማሸጊያ) ዙሪያ፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ወፍራም ዘይት በብሩሽ ይቀቡ። ዘይቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ወይም የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ጓርኒሲዮኑ ያስተነፍሳል። ብሎኖቹን እኩል ያጥብቁ፤ ካልሆነ ይለውጡት።

ካላስተነፈሰ የተዘጋው የሚኒሞው ጄት ወይም መስመሩ ነው። ጄት የምንላት መሃሏ በጥንቃቄ የተበሳ የነሐስ ብሎን ናት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አሉ። ትልቋ ለሙሉ ጉልበት፣ ትንሿ ለሚኒሞ ናት። “ታጠበ” ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታጠበው ቤንዚን የሚጠራቀምበት የታችኛው ሳህንና ትልቋ ጄት ነው። ትንሿ ግን በአንዳንድ ካርቡሬተር ጠልቃ፣ አንዳንዴም በጎማ ቡሽ ተሸፍና ስለምትቀመጥ ሳትነካ ትቀራለች።

ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የሚኒሞ ቅልቅል የምታስተካክለውን ብሎን ቀስ ብለው ወደ ውስጥ እያጠበቁ እስክትነካ ድረስ ስንት ዙር እንደዞረች ቆጥረው ይጻፉ። አጥብቀው አይጨርሷት፤ ሾጣጣ ጫፏ መቀመጫውን ታበላሸዋለች። ከዚያ የታችኛውን ሳህን ቤንዚን ነጭ የቡና ሲኒ ውስጥ ያፍስሱትና ለአፍታ ረጋ ሲል ጎንበስ ብለው ይዩት። የሲኒው ወለል ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከቤንዚኑ ጋር አልዋሃድ የሚል ጠብታ ውሃ ነው። ቀይ ዱቄት የብረት ታንክ ዝገት ነው። ጥቁር ለስላሳ ቅራፊ ካዩ ቱቦው ከውስጥ እየተላጠ ነው፤ ቱቦው ካልተለወጠ ካርቡሬተሩን መቶ ጊዜ ቢያጥቡት ይመለስበታል። ቡናማ ሙጫ ደግሞ የቆመ ቤንዚን ነው፤ ቤንዚን ካርቡሬተር ውስጥ ወራት ሲቆይ ቀላሉ ተንኖ ወፍራሙ ይቀራል። ቤንዚኑን በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ የሚገዙ ከሆነ ታንክ ውስጥ ከመጨመርዎ በፊት ጠርሙሱን ለግማሽ ሰዓት አቁመው ታቹን ይዩት፤ ውሃ ካለው መስመር ሠርቶ ይታያል።

ጄቶቹን ለመፍታት ካቻቢቴው ጉድጓዱን ሙሉ በሙሉ የሚሞላ ይሁን፤ ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀጭን ካቻቢቴ ጠርዙን ይበላዋል። ጄቷን ወደ ፀሐይ አንስተው ሲያዩባት ክብ ብርሃን መታየት አለበት፤ ሞላላ ወይም ጨረቃ የመሰለ ከሆነ ሙጫ ይዟታል። በካርቡሬተር ማጽጃ፣ ከጠፋም በንጹሕ ቤንዚን አሳድረው ያንፉባት። ካልወጣ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንድ የመዳብ ክር መዝዘው ያሳልፉባት። የካርቡሬተሩን አካል ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር ማስነፋት ይቻላል፤ ተንሳፋፊውን፣ ቤንዚን መግቢያውን የምትዘጋውን መርፌና ጎማ ነገሮችን በሙሉ ካወጡ በኋላ ብቻ።

ዋናው ፈተና ይህ ነው። የሚኒሞዋን ብሎን አውጥተው በቀዳዳዋ የማጽጃውን ፈሳሽ ይርጩ። ነዳጅ ሲሰጡ የሚከፈተው ክብ በር አጠገብ፣ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ግድግዳ ላይ፣ ሁለት ወይም ሦስት የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። ከእያንዳንዳቸው ፈሳሹ እንደ ክር ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ከአንዷ ካልወጣ ሥራው አላለቀም። የእርስዎ ካርቡሬተር ሁለት ጊዜ ታጥቦ ያልዳነው እዚህ ላይ ይመስለናል።

ሲገጥሙ ካርቡሬተሩን ገልብጠው ተንሳፋፊውን ይዩ፤ በአብዛኛው ከአካሉ ጠርዝ ጋር ትይዩ ይሆናል (ትክክለኛው ሚሊሜትር በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ)። የሚኒሞዋን ብሎን ወደጻፉት ቁጥር ይመልሱ። ቁጥሩ ከጠፋ እስክትነካ አጥብቀው 1 ዙር ከግማሽ ያላሉ፤ መነሻ ይሆንዎታል።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ ደጅ ይሁን፤ የቡና ከሰል ከተያያዘበት ቦታ ይራቁ። ያጠቡበትን ቤንዚን ሐይቁ ውስጥ አይድፉት። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት እዚያው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ደሴ ጋራዥ ውስጥ የጀልባ ሞተር በርሜል ውሃ ላይ አስነስተን ስናስተካክለው እንደ ሰዓት ይሠራል። ሐይቅ ወርዶ ጀልባ ላይ ሲሰቀል ይንተፋተፋል። ባለቤቱ በእኛ ይፈርዳል። (የጋራዥ ሠራተኛ፣ ደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ባለቤቱ አይፍረድ፤ እናንተም ደሴ ላይ አትጨርሱት።

አየር ከፍ ባልን ቁጥር ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከ9 እስከ 10 በመቶ ገደማ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ሐይቁ ከእሷ ወደ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ደሴ ላይ በሳሳ አየር ልክ የተደረገ ቅልቅል ታች ሲወርድ አየሩ ወፈር ስለሚል ቤንዚኑ ያንሳል። ልዩነቱ ለዋናው ጄት ያን ያህል አይደለም፤ ሚኒሞ ላይ ግን ይሰማል። በዚያ ላይ በርሜሉ አለ። ሞተሩ ጠባብ ቦታ ላይ የራሱን ጭስ መልሶ ይስባል፤ ኤሊካውም (ውሃውን የሚገፋው ማራገቢያ) የተናወጠና አረፋ የሞላው ውሃ ስለሚመታ እንደ ጀልባ አይከብደውም።

ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ መነሳቱንና ውሃ መትፋቱን ብቻ አረጋግጡ። በርሜሉ የውሃ መሳቢያውን በደንብ ይሸፍን፤ ያለ ውሃ የተነሳ ሞተር የውሃ ፓምፑን ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ሊጨርሰው ይችላል። የመጨረሻው ማስተካከያ ሐይቁ ላይ ነው። ጀልባውን አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ሞተሩን 10 ደቂቃ አሙቁ፤ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ በሚኒሞ ይሥራ። ብሎኗን በሩብ ሩብ ዙር እያጠበቃችሁ ሞተሩ መንገዳገድ እስኪጀምር፣ ከዚያ እያላላችሁ ጭሱ በዝቶ ድምፁ እስኪከብድ ሂዱ። ማረፊያው በሁለቱ መሃል፣ ቤንዚን ወደሚበዛበት ትንሽ ያደላ ነው። በድንገት ነዳጅ ስትሰጡት ከተንተፋተፈ ብሎኗን የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል አላሏት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብሎኗ ከነዳጅ መስጫው በር ወዲህ፣ ወደ አየር መግቢያው በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ያኔ ማጥበቅ ቤንዚን ማብዛት ነው፤ ሥራው ይገለበጣል።

ለባሕር ዳርቻ ተብሎ የተሠራ ሞተር በ2,000 ሜትር ላይ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል፤ ቅልቅሉም በቤንዚን ይበዛል። ቁጥሩ በሚሊሜትር መቶኛ የሚነበብ 100 ጄት ያለው ሞተር ወደ 95 ዝቅ ቢል ለሐይቅ የቀረበ ነው። ከዚያ በታች መውረድ አንመክርም። ቱ ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነውና፣ ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል፤ ይግልና ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል)። ካንዴላው ቡና ሲቆላ መሃል ላይ የሚይዘው ዓይነት ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፤ ነጭ ከሆነ ወዲያው አቁሙ። የጠፋው ጉልበት በጄት አይመለስም፤ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት) በ1 ወይም 2 ኢንች ያነሰ ኤሊካ ነው የሚያግዘው። ሞተሩ ለቆላ ሰው ከተሸጠ ደግሞ የድሮው ጄት አብሮት ይሂድ።

ጥያቄ፦ ቦርከና ዳር ሽንኩርት የማጠጣበት የቤንዚን ፓምፕ አለኝ፤ ዘይትና ቤንዚን የማይቀላቀልበት ዓይነት። ማታ አጥፍቼው እሄዳለሁ፤ ጠዋት ስመጣ ከካርቡሬተሩ ሥር መሬቱ በቤንዚን ርሷል። የሞተሩ ዘይት ደግሞ ሳልጨምርበት በዝቷል! (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የበዛው ዘይት አይደለም፤ ቤንዚን ነው። የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽትቱት። እንዲህ እያለ አያስነሱት፤ ቤንዚን የቀጠነው ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም።

ካርቡሬተሩ ሳህን ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ ሲሞላ ተነሥቶ መርፌዋን ወደ መቀመጫዋ ይገፋታል፤ መግቢያው ይዘጋል። ሽንት ቤት ውስጥ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያም የሚሠራው እንዲሁ ነው። የእርስዎ መርፌ አልዘጋ ብላለች፤ ሌሊቱን በሙሉ ታንኩ በራሱ ክብደት ወደ ሳህኑ፣ ከዚያም ወደ ሲሊንደሩ ይፈስሳል።

ተንሳፋፊውን አውጥተው ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት። ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫረቀ ተበስቷል። ካልተሰማዎት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይድፈቁት፤ አረፋ ከወጣበት ቀዳዳ አለው። መርፌዋን ጫፏ ላይ በጥፍርዎ ይዳስሷት፤ ዙሪያዋን ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ካለ ትጣል። መቀመጫዋን በክብሪት እንጨት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ያጽዱ፤ በአሸዋ ወረቀት ግን በጭራሽ። ሲገጥሙት ቤንዚን መግቢያው ላይ ንጹሕ ቱቦ አድርገው ካርቡሬተሩን ገልብጠው እፍ ይበሉ፤ አየር ማለፍ የለበትም። ሲያቃኑት ማለፍ አለበት። ሁለቱም ከሆነ ዳነ።

ከዚያ ካንዴላውን አውጥተው፣ ብልጭታው ቤንዚኑን እንዳያቀጣጥል የካንዴላውን ገመድ ከቀዳዳው አርቀው አስቀምጠው፣ ማስነሻውን አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የተጠራቀመው ይወጣል። የተበላሸውን ዘይት ሙሉ በሙሉ ያፍስሱት። 5.5 እና 6.5 ፈረስ ጉልበት ያላቸው የተለመዱት ሞተሮች 0.6 ሊትር ገደማ 10ደብልዩ-30 ዘይት ይይዛሉ።

ሁለት ነገር ልማድ ያድርጉ፤ ማታ የቤንዚኑን መዝጊያ ይዝጉ፤ ፓምፑንም ወንዙ ዳር ተዳፋት ላይ አያቁሙት። ሞተሩ ሲያዘም ተንሳፋፊውም ያዘምማል፤ ደህናው መርፌ እንኳ ያፈሳል።

ጥያቄ፦ ጀልባ የሚነዱ ሰዎች “ዘይት ሲበዛ ሞተር ይኖራል” ይሉኛል። ለ20 ሊትር ቤንዚን ስንት ዘይት? (ከሐይቅ)

መልስ፦ መመሪያው 50 ለ1 ካለ (ብዙዎቹ አሮጌ ቱ ስትሮኮች እንደዚያ ናቸው) ለ1 ሊትር 20 ሚሊ፣ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር። ሞተሩ አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ከገባለት ለማለማመጃው ጊዜ ብቻ 25 ለ1፤ ያ 800 ሚሊ ነው።

አባባሉ ግን ትክክል አይደለም። ጄቷ የምታሳልፈው ፈሳሽ መጠን ያው ነው፤ ዘይቱ ሲበዛ በውስጡ ያለው ቤንዚን ያንሳል፤ ሞተሩ ይግላል። ካንዴላው በካርቦን ይሸፈናል፤ ፋሻውም ይጣበቃል። የመኪና ዘይትም አይሆንም፤ ሲቃጠል አመድ ይተዋል። ለጀልባ ቱ ስትሮክ የሚሸጠው ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን፣ ቀጥሎ ዘይቱን፣ ከዚያ ቀሪውን ቤንዚን ጨምረው ይነቅንቁት፤ ዘይቱ ከታች ከተኛ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዘይት ብቻ፣ የመጨረሻዎቹ ቤንዚን ብቻ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ጄቷ በመዳብ ክር አልከፈት አለች። በስፌት መርፌ ልውጋት? (ከደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ አይውጓት። ብረቱ ነሐሱን ይፍቀዋል፤ ቀዳዳዋ በፀጉር ያህል ከሰፋች ሞተሩ ያጨሳል፤ መልሶ የሚያጠብባት የለም። ሌላ ሌሊት ማጽጃ ውስጥ ትደር። ያም ካልሆነ አሮጌዋን ይዘው ሄደው ላይዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይተው ያንኑ ቁጥር ይግዙ፤ “ትመስላለች” የምትባለውን አይቀበሉ።